ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ለተሰፋ አንጀት

ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል። ፈትሉ በሸማኔ እጅ ነጠላ ይሆናል፤ ጋቢ ይሆናል። ይህን የማያውቅ የለም። ዛሬ የምናወራው ግን በዓይን ስለማይታይ ክር ነው። ክሩ ለልብስ አይደለም። ተቆርጦ ለተሰፋ አንጀት ነው።

አንጀት ለምን ይቆረጣል? አንዳንዴ አንጀት ይጠማዘዛል። ይህ በሽታ በአገራችን ገጠር የታወቀ ነው። ሆድ ይነፋል፤ ይቆርጣል፤ ያስመልሳል። ሰገራም አየርም አልወጣ ይላል። የተጠማዘዘው አንጀት ደም ያጣል። ደም ያጣ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ ያወጣል። ደህናውን ጫፍ ከደህናው ጫፍ ጋር ይሰፋል።

ከስፌቱ በኋላም አደጋ አለ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ሁለቱን ጫፎች የሚይዛቸው በአብዛኛው ክሩ ነው። ሥጋው ገና አልገጠመም። ደም በደንብ ካልደረሰው፣ ወይም ስፌቱ ከተወጠረ፣ ሊከፈት ይችላል። ያን ጊዜ በአንጀት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል። ሰው እስከ መሞት ይደርሳል።

ታዲያ ስፌቱን የሚያግዝ ነገር አይገኝም? ተመራማሪዎች በዚህ ብዙ ደክመዋል። አንዱ ሙከራ ናኖፋይበር የሚባለው ክር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለ1,000,000 ቢከፈል አንዱ ክፋይ ናኖሜትር ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ነው። የነዚህ ክሮች ውፍረት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1,000 በታች ነው።

ክሩ በእንዝርት አይፈተልም። ፖሊመር የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር በፈሳሽ ይሟሟል። ከዚያ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይሳባል። ፈሳሹ ይተናል፤ ክሩ ይቀራል። ክሩ በላይ በላዩ ተደራርቦ ስስ ጨርቅ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ጨርቁ ሥጋችንን አያይዘው የያዙትን ረቂቅ ጭረቶች ይመስላል። ስለዚህ አዲስ ሥጋ ይዞት ያድጋል የሚል ተስፋ አለ። ፖሊካፕሮላክቶን ከሚባለው ፖሊመር ከተሠራ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል። እሱን ለማውጣት ሆድ ዳግመኛ አይከፈትም።

በቼክ አገር በፒልሰን ከተማ ያሉ ሐኪሞች ይህን በ24 አሳሞች ላይ ሞከሩ። ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። የእያንዳንዱን አሳማ ቀጭን አንጀት 3 ቦታ ቆርጠው ሰፉ። የአንዳንዶቹን ስፌት በጨርቁ ሸፈኑ፤ የሌሎቹን እንዲሁ ተዉ። 3 ሳምንት ጠበቁ። ጨርቁ ጉዳት አላደረሰም። ነገር ግን የተሸፈነው ስፌት ካልተሸፈነው በልጦ አልተገኘም። በዚያ ሙከራ ጨርቁ ደህና መሆኑ ታየ እንጂ መጥቀሙ አልተረጋገጠም። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ሳይደብቁ ጻፉ።

እኛስ ምን እናድርግ? ሆድ ተነፍቶ ሲቆርጥ፣ ሰገራና አየር ሲከለከል፣ በሽተኛውን ቤት አናቆይ። በማሸትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመስጠት ጊዜ አናባክን። በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል እናድርስ። ቶሎ የደረሰ ሰው አንጀቱ ሳይሞት ሊፈታለት ይችላል። ያን ጊዜ መቁረጥ ላያስፈልግ ይችላል። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወደ ቤት የተመለሰ ሰውም ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከጀመረው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።