ብርዱ ከሥር ነው

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ወንጪ የሚነሳ የእግር ተጓዦች ሚኒባስ ፖርቶመጋላው ሲታይ፣ ተሳፋሪው ለሽርሽር የሚሄድ ሳይሆን ቤት የሚቀይር ይመስላል። ታጣፊ ወንበር፣ የጋዝ ምድጃ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቅያሪ ጫማ፣ አንድ ሙሉ ሻንጣ ልብስ። ከሐይቁ ዳር እስኪደረስ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ግማሹም ሳይፈታ ይመለሳል።

ለቀን ጉዞ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ የዝናብ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ቢመሽ የሚያበራ ትንሽ ባትሪ። ለውሃው ሃይላንድ ይበቃል። ባዶውን ጫካ ውስጥ ጥሎ መምጣት ግን ነውር ነው። ስለ ቀን ጉዞ ከዚህ በላይ መጻፍ ወረቀት ማባከን ይሆናል።

ሸክም ማቅለል ሲነሳ ስማቸው የማይቀር የአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት አያት አሉ፤ ኤማ ጌትዉድ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ያን ጊዜ ወደ 3,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረውን የአፓላቺያን የተራራ መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ብቻቸውን በእግር ጨረሱ። ድንኳንም ስሊፒንግ ባግም አልያዙም። ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት በአንድ ትከሻ አንግተው፣ የሸራ ጫማ ተጫምተው፣ ለዝናቡ የሻወር መጋረጃ ይዘው ነው የሄዱት። ከእሳቸው ብዙ ዘመን ቀድሞ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ከደብር ደብር የዞረው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ ነው። ቀን ልብስ ሆኖ የዋለው ደበሎ ማታ መኝታ ይሆናል። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ከሠራ ሁለተኛውን ዕቃ መሸከም ለምን?

ምግብ ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ በሶ አለ። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይጠይቅም፤ ውሃና ጨው፣ ከተገኘም ማር፣ ይበቃዋል። በቅቤ የታሸ ጭኮም ሳይበላሽ ይሰነብታል። ድስትና ምድጃ ተሸክመው ተራራ ላይ ምስር ወጥ ሊሠሩ የሚነሱ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ምስሩ ሳይበስል ጋዙ ያልቃል።

ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ሲታደር ነው። በስሜን ተራሮች ከሚታደርባቸው ቦታዎች ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ እዚያ ከዜሮ በታች ቢወርድ አይገርምም። ይህን የሰማ ከተሜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ይደርባል። ብርድ ልብስ፣ በላዩ ጋቢ፣ በላዩ ጃኬት። እኩለ ሌሊት ላይ ዳሌውና ጀርባው ደንዝዞ ይነቃና ብርድ ልብሱ ሳስቶ ነው ይላል። ብርድ ልብሱ ምንም አላጠፋም።

ሰውን የሚያሞቀው ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በቃጫው መካከል የታፈነው አየር ነው። ሰውየው ሲተኛበት ክብደቱ ያንን አየር ጨምቆ ያስወጣዋል፤ ከሥሩ የሚቀረው ጠፍጣፋ ጨርቅ ብቻ ነው። ውድ የላባ ስሊፒንግ ባግም ከዚህ አያመልጥም። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነት ሙቀት ይስባል፤ አይጠግብም። ወፍራሙ የሚነፋ ፍራሽስ? ውስጡ ባዶ ከሆነ አየሩ እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱን ወደ መሬት ያደርሰዋል። ለሳሎን እንግዳ ይሁን፤ ለግጭ አይሆንም።

ደገኛ ይህን ከጥንት ያውቃል። ይህ ጸሐፊ መንዝ ጓሳ ላይ ያገኛቸው አንድ አዛውንት የከተማውን እንግዳ ስሊፒንግ ባግ በጣታቸው ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፣ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ከሥርስ ምን አለህ?» አሉት። ከዚያ አጎዛቸውን ጠጉሩን ወደ ላይ አድርገው ዘረጉለት። የበግ ጠጉር የተጠማዘዘ ስለሆነ በሰው ክብደት ጨርሶ አይደፈጠጥም፤ አየሩን እንደያዘ ያድራል። አጎዛ በየጎጆው መደብ ላይ የሚነጠፈው ለጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ተሳስቷል።

አጎዛ ለሚሸከመው ሰው እንደሚከብድ አይካድም። የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚገኘው፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ የስፖንጅ ማት ያንኑ ሥራ ይሠራል። አንዱ ከሳሳ ሁለቱን መደረብ ነው፤ ከጠፋም ካርቶን። ሣር አጭዶ ማንጠፍ ግን አይታሰብ። የጓሳን ሣር የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለአንድ ሌሊት እንግዳ ምቾት የቆየ አይደለም።

ጋቢ በደረቁ የበጋ ወራት ድንቅ ነው፤ አራት ድርብ ሆኖ ብዙ አየር ይይዛል። ጥጥ በመሆኑ ግን ከራሰ ውሃውን ይዞ ይተኛል፤ ጅንስ ሱሪም እንዲሁ። በክረምት ከሰልባጅ ተራ የተገዛ የሱፍ ሹራብ ከሁለቱም ይሻላል፤ ርሶም ቢሆን ጥቂት ሙቀት አያጣም።

ወደ ስሜን ለሚወጣ ሰው ደባርቅ ላይ በቅሎ ስለሚከራይ ሸክም የማይቆረቁረው ተጓዥ ብዙ ነው፤ የሚያለከልከው በቅሎው ነዋ! ልብ ያለው ጓዙን ከቤቱ ያቅልል። ማት የገዛም ሰው ተራራ እስኪወጣ አይጠብቅ። አንድ ሌሊት በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ይተኛበት፤ ዳሌው ከቀዘቀዘው ሁለተኛ ማት ይጨምር፣ ሦስተኛውን ብርድ ልብስ ግን ቤቱ ይተወው።