የቦይለር ቱቦ ለምን ይሰነጠቃል? ተረቱና እውነታው በደጋ አገር

የቦይለር ቱቦ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብረቱ ነው፤ «ጥራት የለውም»፣ «አርጅቷል» ይባላል። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ ነገሩ እንዲያ ነበር፤ የመድፍ ዕጣ የሚወሰነው የቀለጠው ማዕድን ወደ ቅርጹ በሚፈስበት ሰዓት ነው። የቦይለር ቱቦ ግን ተፈትኖ የሚወጣ ዕቃ ነው። ጉድለት ያለበት ጨርሶ አይጠፋም፤ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ ገና በሥራው መጀመሪያ ይታያል። ዓመታት አገልግሎ የተሰነጠቀ ቱቦ የሚመሰክረው ስላለፈበት ውሃ፣ ስላገኘው እሳትና ስንት ጊዜ ግሎ ስንት ጊዜ እንደቀዘቀዘ ነው።

ሁለተኛው እምነት የደጋ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በክፍት ድስት ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ንፍሮ ለመብሰል የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ ቦይለሩ አይጨነቅም» ይባላል። ቦይለር ግን ዝግ ዕቃ ነው። ጌጁ 10 ባር ሲያሳይ በባሕር ዳርቻ ያለ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ 184 ዲግሪ ያህል ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ 183። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ቱቦን አያድንም።

ከፍታው የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ሜትር ኩብ የሚገኘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ በርነር እዚህ ሲነድ አየር ያጥረዋል፤ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይጨሳል፣ ሊደርስበት የማይገባውን ብረት ይልሳል። የመጋቢ ውሃው ጋን ክፍት ከሆነ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ ፓምፑ ከውሃ ጋር እንፋሎት ስለሚስብ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ መስጠትም ያቋርጣል። ውሃ ሲጎድል ቱቦው ያለ ማቀዝቀዣ ይቀራል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ በእንጨት ወይም በገለባ የሚነድ ምድጃ ላይ ፓምፑ ቢቆምም እሳቱ አይቆምም።

ከሁሉ የከፋው ተረት የውሃው ነው፦ «ሰው የሚጠጣው ንጹሕ ምንጭ ለቦይለርም ይሆናል።» የጉና ተራራና አካባቢው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። እንዲህ ባለ አለት ውስጥ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ባይካርቦኔትና ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ለመጠጥ ጥሩ ነው። በቦይለር ውስጥ ግን ውሃው ተንኖ ሲሄድ ማዕድኑ ይቀራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በቱቦውም ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከብረት ከ20 እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ሲሊካ የበዛበት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ውሃው እሳቱን መቀበል ስላልቻለ ብረቱ ይግላል፤ ተራው የካርቦን ብረት ከ450 ዲግሪ አካባቢ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጉልበቱን ያጣል።

«ማለስለሻ ስላለን ችግር የለም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የውሃ ማለስለሻ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን በሶዲየም ይተካል፤ ባይካርቦኔቱንና ሲሊካውን ግን አይነካም። ባይካርቦኔቱ በሙቀት ሲበተን ከፊሉ ኃይለኛ ሶዳ ይሆናል። ሶዳው ቱቦው ጫፉን ከሚይዘው የብረት ሰሌዳ ጋር በተጠበቀበት ቦታ በጥቂት በጥቂቱ በሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ከተጠራቀመ ብረቱን ሳያሳሳ በውስጡ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የተጠራቀመውን ለማስወጣት ከታች ውሃ የመልቀቅ ሥራ፣ ማለትም ብሎዳውን፣ የውሃ ብክነት ተደርጎ መታየት የለበትም።

መንስኤውን ለመለየት ስንጥቁ ራሱ ይነበባል። በስኳር ፋብሪካዎች እንዳሉት ባሉ ትልልቅ ቦይለሮች ውሃው በቱቦው ውስጥ፣ እሳቱ በውጭ ነው። እዚያ ቱቦው አብጦ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቶ ከንፈሩ እንደ ቢላ ከሳሳ፣ በአጭር ጊዜ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው፤ ውሃ ጎድሏል ወይም ቱቦው ተደፍኗል። ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ በዙሪያው በቁመት ትንንሽ ስንጥቆች ካሉ ሙቀቱ ለወራት የቆየ ነው፤ ቅርፊት ይፈለግ። በቢራና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተለመደው ዓይነት ግን እሳቱ በቱቦው ውስጥ፣ ውሃው በውጭ ስለሆነ ግፊቱ ቱቦውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል እንጂ አያፈነዳውም። እዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጫፉ ነው። ከአፉ ተነሥቶ በቁመት የሚሄድ ስንጥቅ ጫፉ መቃጠሉን ያሳያል፤ ቱቦው ከሰሌዳው ከመጠን በላይ ወጥቶ ወይም ከሰሌዳው ጀርባ ቅርፊት ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ከሰሌዳው ጀርባ ዙሪያውን የሚዞር ስንጥቅ ደግሞ በተደጋጋሚ መጋልና መቀዝቀዝ የመጣ ድካም ነው፤ በቀዝቃዛ ማለዳ ሁሉ በጥድፊያ የሚለኮስ ቦይለር ላይ ይህ ቢታይ አያስገርምም። እንደ ዛፍ ሥር የተበተነና አጠገቡ ነጭ ጨው ያለበት ስንጥቅ የሶዳ ሥራ መሆኑን ያስጠረጥራል፤ የሚረጋገጠው በማይክሮስኮፕ ነው።

«ግፊቱ በዝቶ ነው» የሚለው ሴፍቲ ቫልቩ የሚሠራ ከሆነ ብዙም አያስኬድም። የፎገራን የሩዝ ገለባ ለማንደድ ለሚያስብም አንድ ነገር አለ፦ «ገለባ ለስላሳ ነው» አይባልም። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ ነው፤ አመዱም አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነ በጢስ ፍጥነት እየተወረወረ ቱቦውን ይሞርደዋል። እንዲህ የሳሳ ቱቦ ውስጡ ንጹሕ፣ ውጪው የተላገ ሆኖ ይገኛል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ስሕተቶች ሰውንም ያሰጋሉ። በደረቀና በጋለ ቦይለር ላይ «ይቀዝቅዝ» ብሎ ውሃ መክፈት ብረቱን ይሰነጥቃል፣ በድንገት በሚነሣ እንፋሎትም ሊያፈነዳው ይችላል፤ ትክክለኛው እሳቱን አጥፍቶ ራሱ እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። ሁለተኛው ቶሎ በይዶ ማስነሣት ነው። ብየዳ ስንጥቁን ይሸፍናል፣ መንስኤውን እንደነበረ ይተዋል፣ ማስረጃውንም ያቃጥላል። የተጎዳው ቱቦ ከስንጥቁ ራቅ ተብሎ ይቆረጣል፤ የእሳቱ ጎን በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ቅርፊቱ ሳይፋቅ ይቀመጣል። ከዚያ የውሃው ምርመራ፣ የብሎዳውን መዝገብና መብራት የጠፋባቸው ቀናት ከስንጥቁ ቅርጽ ጋር ይመሳከራሉ። አዲሱ ቱቦ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሳት ከመለኮሱ በፊትም በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ይፈተናል።