አረጋውያን አባቶችና እናቶች አዲሱን የመገናኛ ጥበብ ስለ መማራቸው

ልጅ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ወላጅ የሚጽናናው በደብዳቤ ነበር፤ ደብዳቤውም በመንገድ ብዙ ይቆይ ነበር። ዛሬ ግን በ2001 ዓ.ም. ዋትስአፕ፥ በ2005 ዓ.ም. ቴሌግራም ከተሠሩ ወዲህ፥ በሪያድ ወይም በዋሽንግተን ያለ ልጅ ድምፁን ለእናቱ በቅጽበት ያሰማል።

ነገር ግን ብዙዎች አረጋውያን መሣሪያው በእጃቸው ሳለ፥ አጠቃቀሙን ባለማወቃቸው የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቃሉ፤ የልባቸውንም ምሥጢር በሕፃን ፊት ለመናገር ያፍራሉ። ስለዚህ ራሳቸው ሊማሩት ይገባል እንላለን። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ የማይክሮፎኑን ምልክት ተጭነው በመያዝ ቃላቸውን ሊልኩ ይችላሉ። ጽሕፈቱም ለዓይናቸው ቢያንስ ማጉላት ይቻላል።

አስተማሪው ግን ይታገሥ። ስልኩን ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ የሚሠራላቸው ወጣት አገለገላቸው እንጂ አላስተማራቸውም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቃቸውም ይህን ነው፤ በስልካቸው የሚመጣውን የምሥጢር ቍጥር «ልጅዎ ነኝ» ለሚል ሰው እንኳ እንዳይሰጡ፤ ቍጥሩን ያገኘ ሌባ በስማቸው ከዘመድ ገንዘብ ይለምናልና።

እኛን አፍ ያስፈቱን እነርሱ ናቸው፤ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ሲደግሙልን አልሰለቹም። ብድራቸውን የምንመልስበት ጊዜ ዛሬ ነው።