የተማሪዎች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ውሳኔ ሕጋዊ ኃይል በመንግሥትና በግል ዩኒቨርሲቲዎች

የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ፣ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በገርጂ ይገኛሉ። በታክሲ ሲኬድ የሁለቱ ርቀት አጭር ነው። ይሁንና ከሁለቱ ተቋማት ሁለት ተማሪዎች ስለ ውጤት እርማት ተመሳሳይ ቅሬታ ቢያቀርቡና ሁለቱም ቢረቱ፣ በእጃቸው የሚገባው ውሳኔ የሚቆምበት ሕግ የተለያየ ነው።

በቅድሚያ ሁለቱንም የሚመለከት አንድ ነጥብ አለ። ኮሚቴው ፍርድ ቤት አይደለም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ኮሚቴው ግን ሥልጣኑን በአብዛኛው የሚያገኘው ሴኔቱ ካወጣው የውስጥ ደንብ እንጂ ዳኝነት ከሚሰጥ አዋጅ አይደለም። ስለዚህ በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ፍርድ አፈጻጸም የደነገገው ለኮሚቴው ውሳኔ በቀጥታ አይሠራም። የረታ ተማሪ ውሳኔውን ይዞ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት አይችልም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው መንገድ የአስተዳደር ሕግ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚመለከተው በሕግ የተቋቋሙ የአስፈጻሚ አካላትን ሲሆን፣ ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት የሆኑ የከተማ አስተዳደሮችንም ያካትታል። በዚህም ምክንያት ኮተቤ ከአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወደ ትምህርት ሚኒስቴር መዛወሩ በዚህ ረገድ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ አይመስልም። ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ነጻነት ስላለው ከአዋጁ ውጭ ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን ነጻነቱ ምን እንደሚማርና እንዴት እንደሚመዘን ለመወሰን እንጂ ያለ ምክንያትና ያለ መስማት ለመወሰን የተሰጠ አይደለም። ፍርድ ቤትም ሲከልስ የሚመረምረው ውሳኔው የተሰጠበትን ሥርዓት እንጂ ተማሪው «ቢ» ወይም «ሲ» ይገባው እንደነበር አይደለም። ከዚያ በፊት ተማሪው የተቋሙን የቅሬታ ደረጃዎች ማሟጠጥ አለበት፤ ኮሚቴውን የዘለለ ተማሪ መንገዱን ራሱ ይዘጋል።

የግል ዩኒቨርሲቲ አስፈጻሚ አካል አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የመንግሥትንም የግልንም ተቋማት የሚገዛ ቢሆንም፣ በተማሪውና በግል ተቋሙ መካከል ያለው ግንኙነት በመሠረቱ ውል ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 በሕግ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ተቋሙ በተማሪዎች መመሪያው ላይ ኮሚቴ አቋቁሞ ውሳኔው እንደሚከበር ከገለጸ፣ ውሳኔውን አለመፈጸም የውል ግዴታን አለመፈጸም ይሆናል። አንቀጽ 1686 ደግሞ አንደኛው ወገን ብቻውን ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የሥራ ደንቦች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ይህ ወገን አውቆ ሲቀበላቸው መሆኑን ይናገራል። በምዝገባ ቀን ተፈርሞ ሳይነበብ የሚመለሰው ወረቀት እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ክብደት ያገኛል፤ ተቋሙ በተማሪው ላይ የይግባኝ ገደብ ሊጠቅስ ሲፈልግ ደንቡን ማሳወቁን ማስረዳት ሊጠበቅበት ይችላል።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በተሸነፈው ተማሪ ላይ ነው። የከፋው ችግር ግን የረታው ተማሪ ነው። የኮሚቴው ደንብ «ይወስናል» የሚል ከሆነ ዲኑ ወይም ሬጅስትራሩ የመፈጸም ግዴታ አለበት ማለት ይቻላል፤ «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» የሚል ከሆነ ግን ጸድቆ እስኪወጣ ድረስ በተማሪው እጅ ያለው አስተያየት ብቻ ነው። የአንድ ግስ ልዩነት የምረቃ ቀንን ሊያሳልፍ ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት የተሰየመው ገለልተኛ ቅሬታ መርማሪ ተቋም የሚሰጠውም አስተያየት በሕግ አስገዳጅ አይደለም፤ ሆኖም ያልፈጸመ ዩኒቨርሲቲ ስሙ በይፋ ይገለጻል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በኢትዮጵያ ገና ከዚያ በፊት ያለ ሥራ አለ፦ የሴኔት ደንቦች ውሳኔውን የሚፈጽመውን ኃላፊ በስም ሥልጣኑ፣ የሚፈጽምበትንም ጊዜ በቀን ቆጥረው ቢያስቀምጡ፣ ተማሪው ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ «አልተፈጸመም» የሚለውን ለማስረዳት ከቀን መቁጠሪያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።