የባሕር ዓሣ ገንዳ፡- ከመስታወቱ በፊት ዕውቀቱ ይገዛ

የባሕር ዓሣና ሕይወት ያለው ኮራል የያዘ የመስታወት ገንዳ ለሆቴል እንግዳ መቀበያም ሆነ ለመኖሪያ ቤት ሳሎን ልዩ ድምቀት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከሌላው ጌጥ የሚለይበት ነገር አለ። የሶፋ ወይም የሥዕል ዋጋ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ገንዳው ግን በየሳምንቱ ወጪ የሚጠይቅና ባለቤቱ ከተሳሳተ በአንድ ሌሊት ሊሞት የሚችል ንብረት ነው። በመሆኑም የጀማሪው የመጀመሪያ ካፒታል መረጃ ነው። ጥያቄው ትክክለኛው መረጃ ከየት ይገኛል የሚለው ይሆናል።

ሻጭና መጽሐፍ

አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሻጩን ነው። የሻጭ ምክር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ዓሣው ዛሬ ቢሸጥ የሚያተርፈው ሻጩ ሲሆን፣ ከወር በኋላ ቢሞት የሚከስረው ገዢው ነው። «ገንዳውን ዛሬ ይውሰዱ፣ ለዓሣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» የሚል ሻጭ ከተገኘ ግን ምክሩ ሊታመን ይችላል።

ከመጻሕፍት መካከል ማርቲን ሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው «ዘ ማሪን አኳሪየም ሃንድቡክ» ለጀማሪ የሚሆን ነው። ስለ ኮራል በስፋት ማወቅ የሚፈልግ በ1994 የታተመውን የዴልቢክና የስፕረንግን «ዘ ሪፍ አኳሪየም» ሊያነብ ይችላል። ስለ ዓሣ አመራረጥ ደግሞ የሮበርት ፌነር «ዘ ኮንሺየንሸስ ማሪን አኳሪስት» (1998) ይጠቅማል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እነዚህ መጻሕፍት ስለ ፍጥረታቱ ባሕርይ የሚሰጡት ትምህርት ዛሬም ይሠራል፤ ስለ መብራት የጻፉት ግን አርጅቷል። በዚያን ጊዜ ይመከር የነበረውን ብዙ ሙቀት የሚያወጣ አምፖል አሁን በአብዛኛው ኤልኢዲ ተክቶታል። አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የባሕር አኳሪየም ማኅበራት ኅብረት ስለሚያዘጋጀው ጉባኤ ሊያስጠይቅ ይችላል።

የስድስቱ ሳምንት ምሥጢር

አዲስ ገንዳ ንጹሕ ቢመስልም ለዓሣ መርዝ ነው። የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመመርመሪያ ፈሳሽ ሲለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካላሳየ ዓሣ አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ጀማሪዎች ብዙውን ኪሣራ የሚያዩት በእነዚህ ሳምንታት ነው።

የአፍዴራ ጨው ለምን አይሆንም?

ከአፍዴራ የሚመጣው የምግብ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ኮራል አጽሙን የሚገነባው በካልሲየም ስለሆነ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ ከዚያም ሌላ ማግኒዚየምና ሌሎች ማዕድናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው የግድ ይላል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪን ስላለበት በልዩ ማጣሪያ ሳያልፍ አይገባም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ 200 ሊትር ገንዳ ለመሙላት 7 ኪሎ ይበቃል። ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየሳምንቱ አሥር በመቶው ውሃ ሲለወጥ 700 ግራም፣ በዓመት ደግሞ ከ36 ኪሎ በላይ ጨው ይፈለጋል። ይህም ከመጀመሪያው መሙያ አምስት እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያዎቹ በአማካይ 200 ዋት የሚወስዱ ከሆነ በወር 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይቆጥራሉ። የመስታወቱን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን አያሰላም።

ለአዲስ አበባ የሚጨመር

መጻሕፍቱ የተጻፉት በዋነኛነት ለአሜሪካና ለአውሮፓ አንባቢ በመሆኑ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚጨምርባቸው ነገሮች አሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ዓሣ አለማብዛትና የውሃውን ገጽ በፓምፕ አጥብቆ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃውን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚያቆይ ማሞቂያ ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ኦክሲጅኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ መገዛት አለበት።

ምን ይገዛ?

ለጀማሪ በሰው እጅ የተራባ ክላውን ፊሽ ይመረጣል። በ2003 «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው ፊልም ዝና ያገኘው ሰማያዊ ታንግ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለ200 ሊትር ገንዳ አይሆንም። ማንዳሪን የተባለው ውብ ዓሣ ደግሞ የሚመገበው ደቃቃ ነፍሳትን በመሆኑ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ከባሕር የተያዘ ዓሣ ሲገዛም አያያዙን መጠየቅ ይገባል፤ በሳያናይድ ደንዝዞ የተያዘ ዓሣ ጤነኛ መስሎ ከገባ በኋላ ሊሞት ይችላል። ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ፈጽሞ አይጨመርም፤ ኮራሉን ይገድላል።

ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ድንጋያማ ኮራሎችና የባሕር ፈረሶች ሳይተስ በተባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።

በመጨረሻም የግዢው ቅደም ተከተል መጽሐፍ፣ መመርመሪያ፣ ገንዳና ጨው፣ ከዚያ ትዕግሥት፣ ዓሣው ከሁሉም በኋላ መሆን አለበት። የዓመቱን የጨውና የመብራት ወጪ አስልቶ የከበደው ሰው በጨው አልባ ውሃ ገንዳ ቢጀምር ሥራውን በአነስተኛ ኪሣራ ይማራል።