ለታመመ ትከሻ ካሣ ማን ይከፍላል?

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ቀኝ እጅህን ከራስህ በላይ አንሣ። ያለ ሕመም ከተነሣልህ ዕድለኛ ነህ። በቢላ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ይህን ማድረግ ካቃተው ሃያ ወር ሆነው። በጥቁር ሰሌዳው ታችኛ ግማሽ ላይ ብቻ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹም «ላይኛው ለማን ተቀመጠ?» እያሉ ይሥቁበታል።

ሕመሙ የጀመረው ከወለጋ ከተሞች በአንዲቱ ክትባት በተከተበ ማግሥት ነው። ከክትባት በኋላ ክንድ ሁለት ሦስት ቀን ቢያም የተለመደ ነው፤ የእርሱ ግን አልለቀቀውም። ኋላ ነቀምቴ ላይ የመረመረው ሐኪም ምክንያቱን አስረዳው። መርፌው ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ መወጋት ነበረበት፤ ከፍ ብሎ ከተወጋ ወደ መገጣጠሚያው ዘልቆ ያስቆጣዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የአወጋጉ እንጂ የመድኃኒቱ አይደለምና፥ ይህን አንብበህ ክትባት እንዳትሸሽ!

በአሜሪካ በ1979 ዓ.ም. በወጣ ሕግ በክትባት የተጎዳ ሰው ከተለየ ገንዘብ ካሣ ይከፈለዋል። በ2009 ዓ.ም. የትከሻ ጉዳትም በዝርዝሩ ገባ። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመሩን ያስረዳና ሌላውን መመዘኛ ያሟላ ሰው የማንንም ጥፋት ማረጋገጥ አያስፈልገውም።

በእኛ አገር ግን መንገዱ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2031 መሠረት ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት። በቁጥር 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት ለመጠየቅ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቁጥር 2143 ነው፤ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ይህን ስነግረው ወዳጄ አንገቱን ደፋ። የከተበችው ልጅ የጎረቤቱ ልጅ ናት። «እርሷን ፍርድ ቤት አቁሜ በእናቷ ቤት ቡና ልጠጣ ነውን?» አለኝ። የሚከሰሰው መንግሥት ሊሆን እንደሚችል ነገርሁት፤ መንግሥት የከፈለውን መልሶ ከእርሷ ሊጠይቅ መቻሉንም አልደበቅሁትም። ብዙ ዝም አለ።

የቀረው አራት ወር ነው። የክትባት ካርዱን ከባለቤቱ ሣጥን አግኝቶታል። ሰኞ ከሥራ አስፈቅዶ የሐኪሙን ማስረጃ ለማምጣት ወደ ነቀምቴ ይሄዳል፤ ለጎረቤቱ ግን እስከ ዛሬ ምንም አልነገራትም።