ዛፍን ማመንኮስ፦ የታይላንድ የደን ጥበቃ ሥርዐት

በሰሜን ታይላንድ ተራሮች ላይ ግንዳቸው መነኮሳት በሚለብሱት ብርቱካንማ ጨርቅ የተጠመጠመ ትልልቅ ዛፎች ይታያሉ። ጨርቁ በታይ ቋንቋ «ቡአት ቶን ማይ» ማለትም «ዛፍን ማመንኮስ» የሚባለው ሥርዐት ምልክት ሲሆን፣ ይህን የለበሰ ዛፍ መቁረጥ በምእመናኑ ዘንድ እንደ ከባድ ነውር ይቆጠራል።

ሥርዐቱ ጥንታዊ ቢመስልም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1961 ከአገሪቱ ስፋት ግማሽ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ደን በዚያን ጊዜ ከሲሶ በታች ወርዶ ነበር፤ በኅዳር 1988 በደቡቡ ክፍል በተራቆቱ ተራሮች ላይ የወረደው ጎርፍ ብዙ መቶ ሰዎችን ከገደለ በኋላም መንግሥት በጥር 1989 ከተፈጥሮ ደን ለንግድ እንጨት መቁረጥን ከለከለ። ሆኖም ሕግ ብቻውን በየመንደሩ ያለውን መጥረቢያ ሊያስቆም ስላልቻለ፣ አንዳንድ መነኮሳት ጉዳዩን ወደ ሃይማኖታቸው ትምህርት አመጡት። በቡድሃ ትምህርት ለሰው ልጅ ሥቃይ፣ በፓሊ ቋንቋ «ዱካ» ለሚባለው፣ ሥሮቹ ስግብግብነት፣ ጥላቻና ድንቁርና ናቸው፤ መነኮሳቱም የደኑ መመናመን የእነዚሁ ፍሬ መሆኑን አስተማሩ። «ቪናያ» የተባለው የገዳማውያን ሕግ መነኩሴ በሕይወት ያለ ተክል እንዳያጠፋ አስቀድሞ ስለሚከለክል፣ ትምህርታቸው ከሥርዐታቸው የወጣ አልነበረም።

በናን ክፍለ ሀገር በዚህ ሥራ የታወቁት መነኩሴ ፍራክሩ ፒታክ ናንታኩን ጨርቅ ከመጠምጠማቸው በፊት ነዋሪዎቹን ደጋግመው ያነጋግሩ ነበር፤ የጋራው ደን ወሰን የት እንደሆነ፣ ማገዶ ከየት እንደሚለቀም፣ ደንብ የጣሰ ምን እንደሚደረግ መንደሩ ራሱ ይወስናል። የሥርዐቱ እውነተኛ ጉልበት ያለው በዚህ ስምምነት ውስጥ ነው፤ ጨርቁ በሚጠመጠምበት ዕለት የሚደገመው ጸሎትም ስምምነቱን በሕዝብና በእምነት ፊት የሚያጸና ማኅተም ነው። በ1991 በዚያ በተካሄደው ሥርዐት የመንደር ሹማምንት በተባረከ ውሃ ቃል ኪዳናቸውን አጽንተዋል።

በቪናያ መሠረት የሚመነኩሰው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ አድራጎቱ ሥርዐተ ምንኩስናን ያቃልላል ያሉ ተቃዋሚዎች ተነሥተዋል። ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ ነገር ግን ሥርዐቱን የሚፈጽሙት መነኮሳት ራሳቸው ዛፉ መነኩሴ ሆነ አይሉም፤ ጨርቁ ዛፉ እንዲከበር የሚያሳስብ ምሳሌ መሆኑን ያስረዳሉ እንጂ። ቡድሃ የበራላቸውም ሆነ ያረፉት ከዛፍ ሥር መሆኑን ለሚያስታውስ ምእመን ምሳሌው እንግዳ አይሆንበትም።

የጨርቁ ከለላ ግን ወሰን አለው። በቡሪራም ክፍለ ሀገር የዶንግ ያይ ደንን ለመጠበቅ ዛፎችን ያመነኮሱትና ከገበሬዎች ጋር የቆሙት ፍራ ፕራቻክ በ1991 የምንኩስና ልብሳቸውን እንደለበሱ ታስረዋል፤ ከዓመታት በኋላም ያንን ልብስ አውልቀዋል።